ፋይልን አንቱ የሚሉት ሰውዬ

አንድ መሥሪያ ቤት በር፣ ወንበርና «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል ሰው ካልተሟላለት መሥሪያ ቤት ነኝ ማለት አይችልም። በሩ ሊገነጠል ይችላል። ወንበሩም አንድ እግሩ ሊያጥር ይችላል። ሰውዬው ግን አይጎድልም።

ታውቁታላችሁ። መኪናችሁ ሳምንቱን ሙሉ ኳ ኳ ስትል ከርማ ጋራዥ ስትወስዷት፣ ቁልፉን አዙሮ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ፣ «የታለ? እኔ የምሰማው ነገር የለም» የሚላችሁ እሱ ነው። የሻወሩ ውሃ በረዶ ሆኖባችሁ በሳሙና እንደተለቀለቃችሁ ስትጮሁ፣ ከበሩ ኋላ «እኔ ስታጠብ ይሞቅ ነበር!» የሚላችሁም እሱው ነው። ዘመዱ በየቤቱ አለ፤ አንዳንዴ አማች ሆኖ፣ አንዳንዴ አከራይ ሆኖ። የዘሩ ንጉሥ ግን እኛ ቢሮ ነው ያለው።

ስማቸውን አልጠራም፤ ይህን ጽሑፍ ያነቡታል። ቢሮው በሙሉ ድምፅ ያወጣላቸው መጠሪያ «ክቡር እኔ-ጋ-ይሠራል» ነው። እዚህ ለማሳጠር ያህል ክቡርነታቸው እላቸዋለሁ። ፊት ለፊት ስንሆን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ ድፍረታችን ከጀርባ ነው።

ቢሯችን ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሥራችን ለሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጠረጴዛዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፦ የመስኮት ረድፍና የግድግዳ ረድፍ። ክቡርነታቸው የመስኮቱ ረድፍ ራስ ላይ ተቀምጠዋል። ኮምፒውተራቸው ትልቅና ንጹሕ ነው። ወደ ቤት ሲሄዱ በነጭ መሐረብ ይሸፍኑታል፤ ጠዋት ሲገልጡት ደግሞ ከእንቅልፉ እንዳይደነግጥ ይመስል ቀስ ብለው ነው።

ዕቃ ሁሉ ይታዘዝላቸዋል። ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት አልፎት፣ ሁላችንም በደረጃ እያለከለክን ስንወጣ፣ እሳቸው አንድ ቀን በሊፍቱ ከች አሉ። «እኔ ጋ ይሠራል» አሉና አለፉ። ተንጋግተን ገባንበት፤ አንደኛው ፎቅ ላይ ቆመ። የወረቀት ማተሚያው የእኔን ወረቀት አኝኮ ነው የሚተፋው፤ የእሳቸውን ግን በሁለት እጁ የሚያቀብላቸው ነው የሚመስለው። የግድግዳው ሰዓት ሲቆም የክንድ ሰዓታቸውን አይተው «እኔ ጋ ሦስት ከሩብ ነው» አሉ፤ ሰዓቱም ጉዳዩም እዚያው ቆመ። አንድ ጊዜማ ኢንተርኔቱ ለቢሮው በሙሉ ጠፍቶ እሳቸው ብቻ «እኔ ጋ ይሠራል» ብለው ሲያነቡ ዋሉ። ለካ የሚያነቡት ትናንት የከፈቱትን ገጽ ነው። በትናንቱ የአየር ጠባይ ዘገባ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ዘነበላቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ልማድ አላቸው፤ ታሪኩ ያለውም እሱ ላይ ነው።

ለማያውቅ ልንገር። ፕሮግራም የሚባለው ነገር አንድ ወጥ ጽሑፍ አይደለም፤ እንደ ሰፈር ነው። ብዙ ፋይሎች አሉ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው፤ አንዱ የሌላው ሥራ ሲያስፈልገው በስሙ ይጠራዋል። «ካርድ!» ይላል፤ ካርድ ተነሥቶ ይመጣል። ስሞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። የላቲን ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ አለው። የእኛ ሀ ለንጉሥም ለድመትም ያው ሀ ናት፤ እነሱ ግን ለአንዱ ድምፅ ሁለት ልብስ ሰፍተውለታል።

ክቡርነታቸው ትልቁን ፊደል ያዩት እንደ አንቱታ ነው። አዲስ ፋይል ሲወለድ ስሙ በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ ገና ልጅ ነውና አንተ ይባላል። ሲሠራ ቆይቶ፣ ታማኝነቱ ተረጋግጦ፣ ስህተት ሳይገኝበት ሲቀር፣ ክቡርነታቸው አንድ ቀን ጠዋት እጃቸውን ታጥበው የመጀመሪያ ፊደሉን ትልቅ ያደርጉለታል። ከዚያ ያንን ፋይል በሚጠሩት ሌሎች ፋይሎች ውስጥ ሁሉ እየዞሩ አጠራሩን ያስተካክላሉ። ፋይሉ አንቱ ተባለ ማለት ነው። ጥቁር ልባስ ያላት ማስታወሻ ደብተር አለቻቸው፤ ማን መቼ አንቱ እንደተባለ ተጽፎባታል። ሠላሳ አንድ ስም ቆጥሬባታለሁ።

«አባቴ የፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ነበር» አሉኝ አንዴ። «ሃያ ዓመት ያገለገለ መዝገብ እንኳ ከመደርደሪያ ሲያወርድ በአንድ እጁ አይዝም ነበር። አንተ ልጅ፣ ያገለገለን ነገር በስሙ ብቻ አይጠሩትም።»

ማንም አልተቃወማቸውም። እንዲያውም የመስኮቱ ረድፍ በሙሉ ደስ ይለው ነበር። አንድ ፋይል አንቱ ሲባል ያጨበጭቡለታል።

እኔ የተቀመጥኩት በግድግዳው ረድፍ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ያደግኩት በአክስቴ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ሐሜት ብቻ ነው፤ እሱንም በማዕረግ ነው የጨረስኩት። ኮምፒውተር በኋላ የያዘኝ ሱስ ነው። ላፕቶፔ ከአክስቴ ልጅ የወረስኩት አሮጌ ነው። ቢሮው ኮምፒውተሮቹን የሚያንቀሳቅስበት ሥርዓት ከብዶት ስለሚያቃስት በነፃ የሚገኘውን ሌላውን ጫንኩበት። የመስኮቱ ረድፍ ላፕቶፔን «ድንኳኑ» ይለዋል።

የተቀጠርኩት ለሦስት ወር ሙከራ ነበር። ሦስቱ ወር የሚያልቀው ዓርብ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

የደወለችው የአንድ የጥርስ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። አዲሱን ፕሮግራማችንን የጫንነው ለእነሱ ነው፤ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። ክሊኒኩ የካርድ ክፍሉን ሊዘጋ ወስኗል፤ መደርደሪያዎቹ ዓርብ ጠዋት ተነቅለው ክፍሉ ሌላ የጥርስ ወንበር ይገባበታል። ከዚያ ወዲያ የበሽተኛ ካርድ የሚገኘው በእኛ ፕሮግራም ብቻ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ካርድ የለም ይለኛል» አለች።

«የማን ካርድ ነው እትዬ?»

«የማንም! ‹ካርድ የሚባል አልተገኘም› ብሎ ቆመ። ሰውዬው ፊቴ ቆሟል፣ ጉንጩ ብርቱካን አክሏል። እሱን ምን ልበለው?»

ከኋላዋ አንድ ሰው ከንፈሩን ሳይከፍት ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

አለቃችን ፈጣን ሴት ናት። ክሊኒኩን ወዲያው ወደ ቀድሞው ፕሮግራም መለሰችው፤ ቀድሞው ቀጠሮ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ካርዱን እትዬ በእጇ ከመደርደሪያ እየፈለገች ታውጣ ተባለ። ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙን የነካው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እኔ ነበርኩ። ሰኞ ከሰዓት አንድ የስልክ ቁጥር አስተካክዬ ነበር። አንዲት ቁጥር! ግን የመጨረሻው እጅ የእኔ ነው።

«እስከ ሐሙስ አስተካክለው» አለችኝ። «መደርደሪያው ተነቅሎ ፕሮግራሙ ካልሠራ ክሊኒኩ ይሄዳል። ያንተንም ነገር ዓርብ አብረን እናየዋለን።» ክፉ አይደለችም፤ ስትናገር ዓይኔን አላየችም።

ክቡርነታቸው ሻያቸውን እንደያዙ መጡ። የተፈጠረውን ነገርኳቸው። ሄደው በራሳቸው ማሽን ከፈቱት። አንድ ካርድ ጠሩ፤ መጣ። ሌላ ጠሩ፤ መጣ። ወንበራቸውን አዙረው፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ጋ ይሠራል።»

የመስኮቱ ረድፍ በየተራ ሞከረ። ሁሉም ጋ ይሠራል። እኔ በላፕቶፔ ሞከርኩ፦ ካርድ የሚባል አልተገኘም።

«አየህ?» አሉ ክቡርነታቸው በርኅራኄ። «የወደቀው አንተ ጋ ብቻ ነው።»

«ሰርቨሩም ላይ ወድቋል ጋሼ።»

«ሰርቨሩ አንተን አይቶ ነው።»

ሰርቨር የምንለው ፕሮግራሙ ተጭኖበት ለክሊኒኩ የሚሠራው ማሽን ነው። የድሮ ሥራዎቻችን ደረጃው ሥር ባለ አንድ አቧራማ ማሽን ላይ ናቸው። ይኸኛው ግን ከሌላ ቦታ የተከራየነው አዲስ ነበር።

«እውነተኛ ማሽን ያዝ» አሉኝ ሲሄዱ፣ ላፕቶፔን ሁለቴ መታ መታ አድርገው። «ድንኳን ውስጥ ፋብሪካ አይተከልም።»

ማክሰኞን የጨረስኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን በማድረግ ነው። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ፕሮግራሙን ሰርዤ እንደገና አወረድኩት። ሊረዳ የሚችለውን ሁሉ ከሥር አፍርሼ ጫንኩ። ሊረዳ የማይችለውንም ጫንኩ። ከዚያ ፋይሎቹ ያሉበትን ቦታ ከፈትኩ፤ የሚያሳብደው እሱ ነው፦ ካርድ አለ! ቁጭ ብሏል! ዓይኔ ያየዋል፤ ሲጠሩት ግን የለም። በዚያ ቀን አራት ጊዜ ስሙን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ካርድ። የሚጠራውንም መስመር አነበብኩ። ካርድ። ምን ቀረ?

የመስኮቱ ረድፍ ቀልዱን ቀጠለ። አንዱ መጸዳጃ ቤት ሲገባ ላፕቶፔ ላይ ጎንበስ ብሎ «ካርድ! ኧረ ካርድ!» እያለ ይጣራል። ሌላው «ሰርጎ ገብ ሰርቆት ቢሆንስ?» ይላል። እኔም እስቃለሁ፤ ሐሜት ቤት ያደገ ሰው በራሱ ላይ ሲሳቅ ቀድሞ መሳቅ ያውቃል። ሆዴ ግን ዓርብን እየቆጠረ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አክስቴ ትዝ አለችኝ። ፀጉር ቤታችን ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲጣሉ፣ አንዷ እያለቀሰች «ሰደበችኝ!» ስትል፣ አክስቴ ፀጉር መጠቅለሏን ሳታቆም ሁለት ነገር ብቻ ትጠይቃለች። አንደኛ «ቃል በቃል ምን አለች?» ሁለተኛ «መጀመሪያ ማን ነገረሽ?» በሁለቱ ጥያቄ ያልፈታችው ጠብ አላየሁም።

እስካሁን የጠየቅኩት «ካርድ የት ሄደ?» ብዬ ነበር። ቃል በቃል ግን የጠየቀ የለም። የራሴን ዓይን ተውኩትና ላፕቶፔን ጠየቅኩት፦ የፋይሉ ስምና የሚጠራው ስም እኩል ናቸው?

አይደሉም፣ አለ።

ተጠግቼ አየሁ። ካርድ በላቲን ሲጻፍ የሚጀምረው በሲ ነው። ትንሿ ሲ እና ትልቋ ሲ መልካቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ቁመት ብቻ። የፋይሉ ሲ ትንሽ ናት። የሚጠሯት ሲዎች ሁሉ ትልቅ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ አንቱ እያለ የሚጠራው ሰው ቤቱ ውስጥ አንተ ተብሎ ተቀምጧል። ላፕቶፔና አዲሱ ሰርቨር ደግሞ አንድ ዓይነት ሥርዓት ነው ያላቸው፤ ፊደል በቁመቷ ከተለየች ለእነሱ ሌላ ስም ናት። «እንዲህ የሚባል አናውቅም» ብለው በር ዘጉ። የመስኮቱ ረድፍ ማሽኖች ግን ትልቅ በለው ትንሽ ያው ስም ነው ብለው ያልፋሉ። ደረጃው ሥር ያለው አሮጌውም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው በዚህ ሁሉ ዓመት የተቃወመ ያልነበረው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ሄድኩ። ሁላችንም የምንጽፈው የሚጠራቀምበት የጋራ ማኅደር አለን፤ ማኅደሩ ታሪክ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሐሜተኛ አይቼ አላውቅም። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር፣ ምን ብሎ እንደነካ አንድ ሳይቀር ያወራል፤ ደግሞ አያጋንንም፤ በዚህ ብቻ ነው ከአክስቴ ደንበኞች የሚለየው። ባለፈው ዓርብ፣ አሥራ ሁለት መስመሮች ተነክተዋል። የነካው ሰው ስም ተጽፏል። ከሥሩ ማብራሪያ አለ፦ «ለካርድ ተገቢው ክብር ተሰጥቷል።»

ክቡርነታቸው የፋይሉንም ስም በማሽናቸው ላይ ቀይረውት ነበር። ማሽናቸው ግን ሁለቱ ፊደላት አንድ ናቸው ብሎ የሚያምን ስለሆነ «ምን ተቀየረና?» ብሎ ለማኅደሩ ሳይነግር ቀረ። የጠሪዎቹ ለውጥ ተላከ፤ የተጠሪው ቀረ።

ላፕቶፔን ታቅፌ የመስኮቱ ረድፍ ራስ ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

«ካርድ ከሆነ እኔ ጋ...»

«ካርድ አይደለም። ሁለት ባዶ ፋይል እንፍጠር። አንዱን ሻይ እንበለው በትንሹ ፊደል፣ ሌላውን ሻይ እንበለው በትልቁ ፊደል።»

በላፕቶፔ ላይ ፈጠርኳቸው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። «አሁን እርስዎ ጋ ይሞክሩት» አልኩ። ክቡርነታቸው ትንሹን ፈጠሩ። ትልቁን ሲፈጥሩ ማሽናቸው «ይህ ስም ተይዟል» አላቸው። እንደገና ሞከሩ። ተይዟል። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረባቸው፣ በዚያ ኮምፒውተሩን በሚሸፍኑበት መሐረብ፣ ጠረጉ።

«ለዚህ ለእኔው ማሽን... ሁለቱ አንድ ናቸው?»

«አንድ ናቸው ጋሼ።»

የማኅደሩን ዝርዝር አሳየኋቸው። ካርድ ትንሽ ነው። ደብተራቸውን ከመሳቢያ አወጡና ሌሎቹን የድሮ ሥራዎች አንድ በአንድ እያሉ ፈለጉ። ሠላሳ አንዱም እዚያ ትንሽ ናቸው። አንዱም አላደገም። ጣታቸው የመጨረሻው ስም ላይ ቆመ።

«ስለዚህ» አሉ በመጨረሻ፣ «እስከ ዛሬ አንቱ ስላቸው የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ?»

ልስቅ ነበር የመጣሁት። ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም።

«ደብተሩ ላይ አሉ ጋሼ» አልኩ።

ደብተሩን ዘጉት። «ለአለቃ እኔ እነግራታለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ጠረጠርኩ። አክስቴ ፀጉር ቤት ውስጥ «እኔ እነግራታለሁ» ያለች ሴት ሁሉ የምትነግረው የራሷን ስሪት ነው። ሃያ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ እኔ የሁለት ቀን ዕድሜ የቀረኝ የግድግዳ ረድፍ። «የልጁ ላፕቶፕ የማይግባባ ሥርዓት ነበረው፣ አስተካከልነው» ቢሉ ማን ይከራከራል? ደግሞ ውሸትም አይደለም። እንዲህ ያለው ነው የሚገድለው።

ሐሙስ ጠዋት ሁላችንም አለቃችን ጠረጴዛ ዙሪያ ቆምን። ክቡርነታቸው ኮታቸውን ቆልፈዋል።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አሉ። «ፊደል አሳድጌ ነው።»

«ምን አድርገው?»

«ካርድን አንቱ ብዬው ነው።»

አለቃችን መጀመሪያ እኔን አየች፤ የቀልድ ሰው ስለሆንኩ ያስተማርኳቸው መሰላት። ከዚያ እሳቸውን። «ጋሼ፣ ፋይሉን ነው አንቱ ያሉት?»

«በሙከራው ቀን አራት ሺህ ካርድ ያለ አንድ ስህተት አወጣ። አንቺ ብትሆኚ አንተ ትይዋለሽ?»

አለቃችን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በእውነቱ መልስ ያለው ጥያቄ አይደለም።

«ያገኘው እሱ ነው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «እኛ መስኮት ሥር ያለነው ማሽኖቻችን አንድ ዓይነት ናቸው፤ እርስ በርስ ስንስማማ ነው የከረምነው። ሰርቨሩ የሚያየውን የምታየው የእሱ ድንኳን ብቻ ነች። እሷ ባትኖር ዓርብ ክሊኒኩ መደርደሪያውን ነቅሎ እኛን ሲጠራ እኔ ‹እኔ ጋ ይሠራል› ነበር የምለው።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ደግሞ ይሠራ ነበር። ይሄ ይመዝገብልኝ።»

የካርድን ስም ያስተካከሉት ራሳቸው ናቸው። ማሽናቸው ለማኅደሩ እንዲናገር መንገዱን አሳየኋቸው፦ መጀመሪያ ፋይሉን ጨርሶ ሌላ ስም ይሰጡትና ይልካሉ፣ ከዚያ የሚፈልጉትን ስም ይሰጡትና እንደገና ይልካሉ። በሁለት እርምጃ ስለሄደ «ምን ተቀየረ?» ማለት አይችልም። ካርድ በዚያች ቀን በእውነት አንቱ ተባለ። ፕሮግራሙን ጫንነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እትዬ ደወለች።

«መጣ! የኔ ልጅ መጣ! የዚያ የብርቱካኑ ሰውዬ ካርድ!»

«እንዴት ሆነ ሰውዬው?»

«ጉንጩማ ጎድሏል። ለክትትል ነው የመጣው። አሁን ሲስቅ ነው ጥርሱን ያየሁት።»

ዓርብ አለቃችን ጠርታኝ አንድ ወረቀት ላይ አስፈረመችኝ። የሙከራ ጊዜ የሚለው ቃል እዚያ ላይ አልነበረም። በዚያው ቀን ደንብ ወጣ፦ ማንኛውም ሥራ ወደ ሰርቨሩ ከመሄዱ በፊት እንደ ላፕቶፔ ባለ ማሽን ላይ ይፈተናል፤ ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ። መፈተኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የመስኮቱ ረድፍ ስም አወጣለት፦ ድንኳን። በክብር ነው አሉኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስገባ መፈተኛው ቀይ ነው።

ወረፋ የሚባል ፋይል አልተገኘም፣ ይላል።

ወረፋ የእኔ ፋይል ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን ይቀጥላል የሚለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ሦስቱን ወር የጻፍኩት ከምንም በላይ እሱን ነው፤ እዚህ ቢሮ የእኔ የሚባል ነገር ካለ እሱ ነው። ደሜ ፈላ። ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ የማኅደሩን ታሪክ ከፈትኩ፤ ሐሜተኛው ሁሉንም ነገረኝ። ዛሬ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ። መጀመሪያ ለፋይሉ ሌላ ስም ተሰጠው፤ ከዚያ የመጨረሻው ስም። ሁለት እርምጃ፣ ልክ እንዳሳየሁት። የስሙ መጀመሪያ፣ ደብሊው፣ ትልቅ ሆናለች። ክቡርነታቸው ነበሩ። ወረፋን የሚጠሩትን ሌሎች ፋይሎች ግን ረስተዋቸዋል፤ ምክንያቱም በእሳቸው ማሽን ላይ...

«ጋሼ!» አልኩ ቢሮውን አቋርጬ።

«ምነው? እኔ ጋ ይሠራል» አሉ፣ ዞረው ሳያዩኝ።

ልጮህ አፌን ከፍቼ ሳለ ዓይኔ ታሪኩ ላይ ወደቀ። ከለውጡ ሥር ማብራሪያ ጽፈዋል፦ «ወረፋ። የሦስት ወር አገልግሎት፣ አንድም ስህተት አልተገኘበትም።»

አፌን ዘጋሁ።

መቀልበስ አንድ ቁልፍ ነው። ደብሊዋን አሳንሼ ወደ ቦታዋ ብመልሳት መፈተኛው በአንድ ደቂቃ አረንጓዴ ይሆን ነበር። ሌላው መንገድ ወረፋን የሚጠሩትን መስመሮች አንድ በአንድ ማስተካከል ነው፤ አሥራ ሰባት ናቸው። መቀልበሻው ላይ ጣቴ አረፈ፤ ከዚያ አነሣሁት። የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ። ከዚያ ሁለተኛውን።

ጠዋቱ እያለቀ ክቡርነታቸው ሻያቸውን ይዘው ወደ መጸዳጃ ቤቱ በኩል መጡ። ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ስክሪኔ ላይ ጎንበስ አሉ፣ አንደኛውን ትልቅ ደብሊው አዩ፣ ሌላውን አዩ። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ በሥራ ዘመናቸው፣ በማኅደሩም በአፈ ታሪካችንም ተመዝግቦ የማያውቅ ነገር ጠየቁ።

«አንተ ጋስ? ይሠራል?»

ገና አራት መስመሮች ይቀሩኝ ነበር።

«ይሠራል ጋሼ» አልኳቸው።